ጎንደር ለጥምቀት የምትመጡ፣ «የጥንታዊ ነገድ መንደር የጋራ ድግስ» የሚባለውን ፓኬጅ እንዳትከፍሉ

ወገኖች ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ ሳይረፍድ ልጻፍላችሁ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «በጥንታዊ ነገድ መንደር ባህላዊ የጋራ ማዕድ፣ በሬ ይታረዳል፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ አዝማሪ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር በአንድ መሶብ» እያሉ የሚሸጡት ፓኬጅ አለ፣ በሰው 4,500 ብር፣ ግማሹ ቀድሞ በቴሌብር የሚገባ። አምና ከአዲስ አበባ ከመጡ የስራ ባልደረቦቼና ከውጭ ከመጣችው የአጎቴ ልጅ ጋር ሄደን ያየነውን ነው የምነግራችሁ። የሻጮቹን ስም አልጠራም፣ አቤቱታ አስገብተናል ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ደግሞም ይሄንኑ ነገር በሌላ ስም የሚሸጡ አሉና ከስሙ ይልቅ አሰራሩን ብታውቁት ይሻላል።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ማስታወቂያው ላይ ቀን የለም፣ «የጥምቀት ሰሞን» ብቻ ነው የሚለው። ስንከፍል ጥር 11 ከሰዓት ታቦት ከገባ በኋላ ነው ተባልን፣ ከዛ ግማሹ ብር ከገባ በኋላ ተደውሎ መኪናው ለነገ ተይዟል ዛሬ እንሂድ አሉን። ዛሬ ማለት ጥር 10፣ ከተራ! የጎንደር ልጅ የሆነ ሰው ይሄን በምን አፉ እንደሚያወራው አላውቅም። ከተራ ገሃድ ነው፣ ልደትና ጥምቀት ረቡዕና አርብ ቢውሉም ስለሚበላባቸው በዋዜማው ይጾማል፣ ስጋም ወተትም አይቀመስም። በዛ ላይ በዛ ቀን ሰው ሁሉ ታቦቱን ተከትሎ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ነው የሚወርደው፣ ከገጠርም ጭምር ነጭ ለብሶ እየዘፈነ ይገባል፣ መንደር ውስጥ የሚቀረው የታመመና ቤት ጠባቂ ነው። እና ማን ነው በዚህ ቀን በሬ አርዶ የሚደግሰው? አይሆንም ገንዘባችንን መልሱ ስንል ቅድሚያ ክፍያ አይመለስም፣ ካልመጣችሁ ተቃጠለ አሉን፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ በነጋታው ማታ በረራ ነበረባት፣ ቢያንስ መንደሩን ልይ አለችና ሄድን።

የሄድነው ወለቃ ነው፣ ከከተማው በደባርቅ መንገድ ወጣ ብሎ ያለው መንደር። ወለቃ ራሱ ምንም አላደረገም፣ ሰዉም አላጠፋም፣ ይሄን አስምሩልኝ። ግን «እስካሁን በመንደሩ የሚኖረው ጥንታዊ ነገድ ራሱ ደግሶ ያበላችኋል» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መንደር ነበረች፣ ሸክላ ሰሪዎቹና ቀጥቃጮቹ የታወቁ ነበሩ፣ ግን ሰዎቹ ሄደዋል። በ1977 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ብዙ ሰው ወጣ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። አሁን እዛ የምታዩት የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶች፣ ትንሽ የጸሎት ቤትና መንገድ ዳር የሚሸጥ ሸክላ ነው፣ የሚሸጡትም በአብዛኛው በኋላ የሰፈሩ ወይ ከአካባቢው የመጡ ሴቶች ናቸው። ለማየት ቆንጆ ቦታ ነው፣ ሂዱ፣ ሸክላ ግዙ። ወደ እስራኤል ለመሄድ ዘመናቸውን ሙሉ የሚጠባበቁ ወገኖች ደግሞ እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ አሉ፣ በነሱ ስም ድግስ መነገዱ ለኔ ከብሩ በላይ ያሳምመኛል።

ደግሞ ታሪኩን ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሜኑውን ሲያይ ይገባዋል። ፓኬጁ ላይ «የነገዱ ባህላዊ ጥሬ ስጋ» ይላል። ቤተ እስራኤል እኮ ጥሬ ስጋ አይበሉም፣ ደም በኦሪት ክልክል ነው፣ ከጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። የነሱ ትልቁ የጋራ ማዕድ ስግድ ነው፣ ያም ከጥምቀት ጋር ምንም አይገናኝም፣ ከአስተስርዮ ቀን (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይ ኅዳር ላይ ነው የሚውለው፣ ድሮ አምቦበር አካባቢ እየጾሙ ተራራ ይወጡ ነበር፣ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ከሰዓት ወርደው አብረው ይበላሉ። አሁን በእስራኤል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በህግ የታወቀ በዓል ነው። ስለዚህ በጥር፣ በገሃድ ቀን፣ በቤተ እስራኤል ስም፣ ጥሬ ስጋ የሚቀርብበት ድግስ የማንም ድግስ አይደለም፣ ለካሜራ የተሰራ ነገር ነው።

ስንደርስ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ የመንደር ሰው የተባሉት አራት አምስት ጎረምሶች አንድ አይነት ጥበብ ለብሰው ቆመዋል። በሬ የለም። ስጋው በፌስታል ነው ከመኪናችን ኋላ የወረደው፣ ከኛው ጋር ነው የመጣው ማለት ነው! በገሃድ ስጋ ቤት ዝግ ስለሆነ መቼ እንደተገዛ ራሳችሁ አስቡት፣ ያደረ ስጋ ነው፣ ሽታው ይናገራል፣ የቄራ ማህተም የለው ምን የለው፣ ይሄን ጥሬውን ብሉ ነው የሚሉት። ጥሬ ስጋ ትኩስ ሆኖ ቄራ የተመረመረ ሆኖም እንኳ የኮሶ ትል የሚይዘው ሰው ስንት ነው፣ አድሮ በፌስታል የመጣውንማ ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ በተለይ ተጠንቀቁ። እኛ ማንም አልነካውም፣ ጿሚው ስለሚጾም፣ የማይጾመውም ስለፈራ።

ሁለት ሙስሊም ባልደረቦች አብረውን ነበሩ፣ ቀድመን በስልክ ጠይቀን «ችግር የለም ለሁሉም ተዘጋጅቷል» ተብለን ነበር። የተዘጋጀው ቆሎ ነው። ይሄ ጎንደር ላይ ነውር ነው። እኛ አገር ድግስ ሲኖር የአዲስ አለም (የሙስሊሞቹ ሰፈር) ጎረቤት ከተጠራ ለብቻው በግ ይሰጠዋል፣ ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ድስቱም መሶቡም ለብቻው ነው፣ እናቶቻችን ይሄን ሳይነገራቸው ነው የሚያደርጉት። ሁለቱ ልጆች ቆሏቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲቀመጡ እኔ ነኝ መሬት ትዋጠኝ ያልኩት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የቤቱ እናት ናቸው። ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እማማ ድግሱ የእርስዎ ነው ወይ አልኳቸው። «ልጄ እኔ የተባልኩት እንግዳ መጥቶ ቡና ይጠጣል ነው፣ በገሃድ ስጋ ቤቴ ይገባል ያለኝ የለም» አሉኝ፣ ድምጻቸውን ዝቅ አርገው፣ ልጆቹ እንዳይሰሟቸው። ለግቢው፣ ለቡናውና ለጠላው በጠቅላላ 500 ብር ነው የተሰጣቸው። አስቡት፣ እኛ በሰው 4,500 ከፍለን። ጠላውም ለልጃቸው ሰርግ ካዘጋጁት እንስራ ላይ የተቀዳ ነው፣ ያም አልተቆጠረላቸውም። አንዷ ባልደረባችን ስትወጣ በእጃቸው ብር ልታስጨብጥ ስትል አስጎብኚው መጥቶ «በኛ በኩል ነው የሚሰጠው» ብሎ ከለከለ፣ እዛ ላይ ነው ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ የሄደው።

ስትወጡ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ለካሜራ በስልክ 300፣ አንድ ሽማግሌ ቆመው መርቀውናል ለምርቃት 500፣ ለአዝማሪው ደግሞ በየሰው 200 አምጡ። አዝማሪ መሸለም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግጥም ሲያወርድላችሁ ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ግን በፍላጎት ነው፣ በር ላይ ቆሞ በዝርዝር የሚሰበሰብ አይደለም። ምርቃት በዋጋ ግን እኔ በህይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሚኒባሱ ካልተከፈለ አይንቀሳቀስም ተባለ፣ መሽቷል፣ ከከተማ ውጭ ነን፣ ከፈልን። ለአምስት ሰው ደረሰኝ ስንጠይቅ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡን፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው ማህተም የለው፣ ቴሌብሩም የገባው በግለሰብ ስም ነው።

ስለ መንገዱም ልበል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ከጎንደር ከተማ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ክፍት ነው አንዳንድ ቀን ዝግ ነው፣ በሰዓት መግባት አለ። ይሄን ሻጩ አንድ ቃል አይነግራችሁም። ወለቃ ቅርብ ነው፣ ግን ይሄው ፓኬጅ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እንደሚሸጥ አይቻለሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እዛ መስመር ላይ የሚሰራ ሹፌር ወይ ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ፣ አስጎብኚውን ብቻ አትመኑ።

የገጠር ድግስ ማየት የምትፈልጉ ሰዎች አትችሉም እያልኩ አይደለም፣ እንደውም ጥር ከዚህ የተሻለ ወር የለውም። ታቦቶቹ ጥር 11 ይገባሉ፣ ሚካኤል ጥር 12 ነው የሚገባው፣ ያኔ በየደብሩ ዙሪያ ያለው ሰው ቤቱን ከፍቶ ጠበል ጸዲቅ ቅመሱ ብሎ መንገደኛ ይጠራል። ጥር የሰርግ ወርም ነው፣ ዳስ ተጥሎ ያያችሁበት ሁሉ እንግዳ ግባ ይባላል እንጂ ማነህ አይባልም። ማኅበርም አለ፣ በየወሩ በመልአኩ ወይ በጻድቁ ቀን በተራ የሚደገስ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 ባለወልድ፣ ቄሱ ይባርካሉ ዳቦው ይቆረሳል ጽዋው ይዞራል፣ የማኅበርተኛ እንግዳ ሆናችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ግን የሚወስዳችሁ አባል የሆነ ሰው ነው፣ ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ቀድሞ ማወቅ አለበት። እነዚህ ሁሉ ባለቤት አላቸው። አንድ ሰው የተሳለው ወይ ተራው የደረሰበት ወይ ልጁን የሚድርበት ድግስ ነው። ስለዚህ ድግስ ልውሰዳችሁ የሚል ሰው ሲመጣ የማን ድግስ ነው፣ ምን ምክንያት ነው፣ በየትኛው ቀን ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ ለባለቤቱ ስንት ነው የምትሰጠው ብላችሁም ጠይቁ፣ ባለቤቱን በስልክ አገናኘኝ በሉ። ትክክለኛ አስጎብኚ ይሄን ሲጠየቅ ደስ ነው የሚለው፣ የፈቃድ መታወቂያውንም ሳትጠይቁት ያሳያችኋል። እንዲህ አይነት ጨዋ ልጆች ጎንደር ውስጥ ሞልተዋል፣ በነዚህ ምክንያት እነሱም ስራ እያጡ ነው። ስትሄዱ ቡናና ስኳር ያዙ፣ ገንዘብም መስጠት ከፈለጋችሁ ለቤቱ እናት በእጃቸው ለቡና ብላችሁ ስጡ። አዝማሪና ጠጅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ከተማው ውስጥ ባህላዊ ቤቶች አሉ፣ ዋጋውን በር ላይ አይታችሁ ትገባላችሁ።

አምና ወይ ዘንድሮ የከፈላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይላል፣ አሳሳች ማስታወቂያም ይከለክላል። የቴሌብሩን ሜሴጅ አታጥፉ፣ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጉት ምክንያቱም ፖስቱን ቶሎ ቶሎ ነው የሚያጠፉት፣ ቀኑን የቀየሩበትን ቻት አስቀምጡ። እኛ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያም ለንግድ ቢሮም አስገብተናል፣ ያስገባነው ግን የአንድ ቡድን አቤቱታ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢጨመርበት ክብደት ይኖረዋል። በጥምቀት ቢሮ ዝግ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ ሂዱ፣ ከከተማ የወጣችሁ ደግሞ ወረቀታችሁን ለአንድ ጎንደር ላለ ዘመድ ውክልና ሰጥታችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።