የእማሆይን ፊት በስናፕሲድ

እማሆይ አያቴ ናቸው። የሚኖሩት ዘጌ ነው፣ ቡናው ጫካ ውስጥ። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ ተከራይቼ ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ጥምቀት እንዳለፈ ልጠይቃቸው ሄጄ በስልኬ አንድ ፎቶ አነሳኋቸው። ዛሬ የምጽፈው ያንን ፎቶ ስለሠራሁበት፣ ስናፕሲድ ስለሚባለው አፕ ነው። ግን ከፎቶው ካልጀመርኩ አፑ ምን እንደሚችል በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ቤታቸው መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እማሆይ መደቡ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ቡና ይለቅሙ ነበር። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ከስንት ዓመት ጭስ ጠቁሯል። ብርሃኑ ግራ ጉንጫቸው ላይ አርፎ ቀኙን ለጥላ ትቶታል። ከቀኝ ዓይናቸው ሥር ብቻ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን አለች። ፎቶ አንሺዎች ይህን ዓይነት ብርሃን በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም ይጠሩታል። በስቱዲዮ መብራት ተደክሞ የሚገኘውን ብርሃን የእማሆይ በር በየጠዋቱ ያመጣዋል።

ፎቶውን ስልኬ ላይ ሳየው ግን ፈዘዘብኝ። ስልኩ ጨለማውን ላብራ ብሎ ግድግዳውን ግራጫ አድርጎታል። የነጠላቸውን እጥፋትም አደብዝዞታል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ፣ ፊታቸው ከጨለማ ውስጥ ብቅ ሲል ነው ያየሁት። ያንን ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። «እንደ ፊልም አድርጋችሁ ሥሩልኝ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን በፍሬም ተቀበልኩ። ፊታቸውን አቅልተውታል። ከግንባራቸው መስመር አንድም አልቀረም። ከጀርባቸው ፏፏቴ ገብቷል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አንገታቸው ነው። እማሆይ በልጃገረድነታቸው የተነቀሱት ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው፣ እንደ ድሪ አንገታቸውን የዞረ። እሱን ጠርገው አጥፍተውታል። ከንቅሳቱ ጋር ማተባቸውም ሄዷል።

እንዲያም ሆኖ ዘጌ ድረስ ይዤው ሄድኩ። እማሆይ ወደ በሩ ጠጋ ብለው፣ ፍሬሙን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩት።

«መልካም ሴት ናት» አሉ። «የማን እናት ናት?»

«ሌላ እሠራለሁ፣ እማሆይ» ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ስናፕሲድን ስልኬ ላይ የጫንኩት የዚያኑ ቀን ማታ ነው።

አፑን መጀመሪያ የሠራው ኒክ ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ነው። ጉግል ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ገዛው፣ አፑም በነጻ የሚወርድ ሆነ። ማስታወቂያ የለውም። ሥራችሁን ስትጨርሱ ፎቶው ጥግ ላይ ስሙን አይለጥፍም። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። እኔ አብዛኛውን የሠራሁት መብራትም ኔትወርክም በጠፋበት ማታ ነው። ላይትሩምንም ሞክሬ ነበር። ጎበዝ አፕ ነው። ግን ፊትን ለብቻ መርጦ መሥራት የሚያስችለው ክፍሉ ክፍያ ይጠይቃል፣ የእኔ የባንክ ካርድ ደግሞ እዚያ አይሠራም።

አጠቃቀሙ በአንድ ጣት ነው። ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ የምትቀይሩትን ትመርጣላችሁ። ወደ ጎን ስታንሸራትቱ መጠኑ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ፎቶውን ተጭናችሁ ስትይዙት ከመነካቱ በፊት የነበረው ይታያል። ይህችን ነገር ቶሎ ቶሎ ተጠቀሙባት። ዓይን የሠራውን ነገር ቶሎ ይለምዳል፣ ሳይታወቃችሁ እየጨመራችሁ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ።

አፑ ውስጥ ድራማ የሚባል ፊልተር አለ። ስድስት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ድራማ፣ ሁለቱ ብራይት፣ ሁለቱ ዳርክ ይባላሉ። ስሙን አይቼ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ድራማ 1ን ነካሁት። ነጠላው ወዲያው ነፍስ ዘራ። እጥፋቱ ወጣ፣ ጥለቱ ወጣ። ሰፌዱ ላይ ያለው ቡና ፍሬ በፍሬ ተለየ። ፊታቸውን ሳይ ግን ደነገጥኩ። አመድ የተነፋበት መሰለ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሞካከርኩ። ድራማ የሚሠራው በየትንንሹ ቦታ ያለውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት በማጉላት ነው። ቀለሙንም ቀነስ ያደርጋል። ለደመና፣ ለድንጋይ፣ ለጨርቅ ግሩም ነው። ቆዳ ላይ ሲመጣ ግን እያንዳንዷን ቀዳዳ ያጎላል፣ ሙቀቱንም ይመጥጣል። የእኛ ቆዳ ውበቱ ከውስጡ ያለው ቀላ ያለ፣ ወርቅማ ቀለም ነው። እሱ ሲጠፋ ሰውዬው የታመመ ይመስላል። የገጠር ሽማግሌዎች ፎቶ ላይ ይህ በጣም ይበዛል። ፊታቸው የዛፍ ቅርፊት እስኪመስል ድረስ ይታሻል። ያ እኔን ያሳዝነኛል። ፊትን ማቅላትም ሆነ ማክሰል ያው ሰውየውን ማጥፋት ነው።

መፍትሔው እዚያው አፑ ውስጥ አለ፣ ግን ጓዳ ነው የተቀመጠው። ከላይ የተደራረቡ ወረቀቶች የምትመስል ምልክት አለች። እሷን ነክታችሁ ቪው ኤዲትስ ስትሉ እስካሁን ያደረጋችሁት ሁሉ በተራ ተደርድሮ ይመጣል። ድራማ የሚለውን ነክታችሁ ብሩሿን ስትመርጡ ፊልተሩ ከፎቶው ላይ ይነሣል። ከዚያ በጣታችሁ የቀባችሁበት ቦታ ላይ ብቻ ይመለሳል። መጠኑንም ከ25 እስከ 100 ድረስ ትመርጣላችሁ። እኔ ነጠላውን በ75፣ ሰፌዱንና እጃቸውን በ50 ቀባሁ። ግድግዳው ላይ አልነካሁም፣ ምክንያቱም ስልክ በጨለማ ያነሳው ጥቁር ላይ ድራማ ሲያርፍ ነጠብጣብ ይወጣዋል። ፊታቸውንም አልነካሁም። አፑን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ለፊት የሚሆነው ሌላ መሣሪያ ነው፣ ዶጅ ኤንድ በርን። ብራሽ የሚለው ውስጥ ይገኛል። ስሙ የመጣው ፎቶ በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ዘመን ነው። አጣቢው ወረቀቱ ላይ ብርሃን ሲያበራ አንዱን ቦታ በእጁ ከከለለው ያ ቦታ ፈካ ብሎ ይወጣል። ብርሃኑን ካቆየበት ደግሞ ይጠቁራል። ስናፕሲድ ያንኑ በጣት ያሠራችኋል። ፕላስ አምስትና አሥር ያፈካል፣ ማይነስ አምስትና አሥር ያጠቁራል። አሥሩን ተዉት። በአምስት ብቻ፣ ፎቶውን በጣም አቅርባችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። የብሩሹን ስፋት የሚቀይር ቁልፍ የለም፤ ፎቶውን ስታቀርቡት ብሩሹ ይቀጥናል፣ ስታርቁት ይሰፋል።

ግንባራቸው ላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ያለውን ጉብታ በፕላስ አምስት፣ መስመሩን ራሱን በማይነስ አምስት። ከዚያ ወደ አንገታቸው ወረድኩ። ንቅሳቱ በዕድሜ ብዛት ደብዝዞ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኗል። ሦስቱንም ረድፍ ተከትዬ በቀጭኑ አጠቆርኩ። የማተቡን ክር አፈካሁ። ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ አንገታቸው እንደ ድሮው ሆነ። በልጅነቴ ታቅፈውኝ ሲተኙ በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥረው የነበረው ንቅሳት ፎቶው ላይ ወጣልኝ።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ቪኜት በሚለው ዳር ዳሩን አጨለምኩ፣ መሐሉን ፊታቸው ላይ አድርጌ። ኋይት ባላንስ ላይ ሙቀቱን ትንሽ ጨመርኩ። ፖርትሬት የሚለው መሣሪያ ፊቱን አውቆ ያበራል፣ ዓይንንም ጥርት ያደርጋል፣ ግን ቆዳ ማለስለሻ አለው። እሱን ዜሮ ካላደረጋችሁት የፎቶ ቤቱን ሥራ ይደግምላችኋል።

ሥራዬን ጨርሼ ደስ ብሎኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ንቅሳታቸውን አይተው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ልጄ፣ አንዱ ዓይኔ የት ሄደ?»

«ጥላ ውስጥ ነው፣ እማሆይ። እንደሱ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው።»

«ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ ባንድ ዓይን የተሳለው ማን ነው?»

መልስ አጣሁ። እንደምታውቁት በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚሳሉት። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። እማሆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ሥዕል ሲሳለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ግማሽ ፊትን ጨለማ መዋጥ ዋናው የድራማ ነገር ነው ብዬ የተማርኩት ከስልክ ነው። ሳስበው እሳቸው ልክ ናቸው። ከነአፑ ቀድሞ እዚህ ሐይቅ ዳር ፊት እንዴት መሳል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር።

እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ አስተካከልኩት። ሰለክቲቭ የሚባለውን ከፈትኩ። ይህ መሣሪያ አንድ ነጥብ ላይ ስትነኩ የዚያን አካባቢ ብርሃን ብቻ እንድትቀይሩ ያደርጋል፤ በሁለት ጣት ስፋቱን ታጠብባላችሁ ወይም ታሰፋላችሁ። ቀኝ ዓይናቸው ላይ አንድ ነጥብ ተከልኩ፣ ክቡን ዓይኑን ብቻ እንዲይዝ አጠበብኩት፣ ብርሃኑን 30 ያህል ጨመርኩ። ጉንጩ ጥላ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዓይናቸው ግን ከጥላው ውስጥ ወጣ። የበሩ ብርሃን በትንሹ ብልጭ ሲልበት ይታያል። ፎቶው ከቀድሞው የበለጠ ያዘኝ። ያ ዓይን እስኪመጣ ድረስ ፎቶው አላለቀም ነበር።

«አሁን እኔ ነኝ» አሉ።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። አንደኛ፣ እኔ ስልክ ላይ የመሣሪያዎቹ ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእናቴ ላስተምራት ስል ቦታቸውን በምልክት ማስያዝ ነበረብኝ። ሁለተኛ፣ ጥላና ብርሃን እንጂ ጀርባ መቀየር አይሆንለትም። ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት መቆም የሚፈልግ ሰው ሌላ አፕ ይፈልግ። ሦስተኛ፣ ለዓመታት ጉልህ ለውጥ ሳያገኝ ነው የቆየው። ለአይፎን እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ ገጽታ ይዞ 3.0 የሚባለው መጥቷል። የእኔ አንድሮይድ ነው፣ ያልኳችሁ ሁሉ በእሱ ላይ የሠራሁት ነው። ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው ደግሞ ትንሽ ስክሪን ላይ ይቸገራል። የታላቅ ወንድሜን ታብሌት ተውሼ ስሞክረው በጣም ተመቸኝ።

ስታሳትሙት ሁለት ነገር አስቡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፎቶውን ጥራት 100 በመቶ አድርጉት። ለአታሚው በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፣ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ሌላው፣ ስክሪን ከራሱ ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት ግን አያወጣም። ስልክ ላይ የሚያምር ጥቁር ወረቀት ላይ ጥላሸት ይሆናል። የመጀመሪያው ሕትመቴ ላይ ነጠላውና ግድግዳው ተዋሕደው ነበር። የስልኬን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጌ ፎቶውን እንደገና አየሁት፣ ቱን ኢሜጅ በሚለው መሣሪያ ጨለማውን ትንሽ አነሳሁና ድጋሚ አሳተምኩ። በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ወጣ። አንጸባራቂውን ወረቀት ትቼ ደብዛዛውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት ብርሃን የሚመጣው ከበሩ ብቻ ስለሆነ አንጸባራቂው ያብረቀርቅባቸዋል።

የሰው ፊት ጥላና ብርሃን ኖሮት፣ ከነመስመሩና ከነንቅሳቱ እንዲወጣለት ለሚፈልግ ሰው ስናፕሲድን ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ማለስለሻውን እኔ ካላጠፋሁት ራሱ ስለሚያለሰልስ ነው።

ፍሬሙን ይዤ የሄድኩት በእሑድ ነው። ግድግዳው ላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ተሰቅላለች። ከጎኗ ምስማር ልመታ ስል እማሆይ እጄን ያዙ። «ከጎኗ አይሆንም፣ ዝቅ አድርገው» አሉኝ። ከመደቡ በላይ፣ ጠዋት የበሩ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። እዚያ ሰቀልኩት።