ስዊፍት ስፖርት በባሕር ዳር፦ ከ14 ወር በኋላ

መኪናዋን ይዤ ቤት የገባሁ ዕለት አክስቴ ዋጋዋን አልጠየቀችኝም። የኋላውን በር መክፈቻ አጥታ ስትዳብስ ቆየችና «ልጄ፣ ይሄ መኪና በር የለውም እንዴ?» አለችኝ። መክፈቻው ከመስኮቱ ጎን ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ባለ አምስት በር የሆነችውን ባለ ሦስት በር ለማስመሰል ነው። ከዚያ ወዲህ ከኋላ የተሳፈረ እንግዳ ሁሉ እዚያው ቦታ ሲደናበር አይቻለሁ። አሁን ወርጄ መክፈት ልማድ ሆኖብኛል፤ ሰው ግን ትሕትና ይመስለዋል።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 2018 የተሠራች ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ናት። ቢጫ፣ በእጅ የሚቀየር ስድስት ማርሽ። ከአውሮፓ ጠቅልሎ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ ሸጠልኝ። ስረከባት 41,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር፣ ዛሬ 53,000 አልፋለች። አብዛኛው ኪሎ ሜትር ከሽምብጥ እስከ ፔዳ፣ ከፔዳ እስከ ቀበሌ 14 ስመላለስ የተጠራቀመ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሻለሁ።

ያየኝ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ «በዚህ ገንዘብ ከፍ ያለ መኪና አይገኝም ነበር?» ይገኝ ነበር። እኛ ዘንድ መኪና የሚከበረው በቁመቱ ነው። ሆት ሀች የሚባለው ዓይነት ደግሞ ተራ የቤተሰብ መኪና ላይ ጠንካራ ሞተር፣ ጠንከር ያለ ሞላና ሰፋ ያለ ጎማ ማልበስ ስለሆነ፣ ከሩቅ ላየው ሰው ያው ትንሽ መኪና ነው። ለእኔ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

ስለ መልክ ከተነሳ ልናገር። ይህን ዓይነት መኪና ዝነኛ ያደረገው በፈረንጆቹ 1976 የወጣው የመጀመሪያው የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከተራው ጎልፍ የሚለየው ፊቱ ላይ በተሰመረ ቀጭን ቀይ መስመር፣ በጎማዎቹ ዙሪያ በተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ባለ ካሬ ጥለት የወንበር ጨርቅና የጎልፍ ኳስ በሚመስል የማርሽ እጀታ ነበር። አለቀ። የሚያውቅ ያውቃታል፣ የማያውቅ ያልፋታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆቹ ግን ጩኸት ወደዱ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣውን የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሠርግ ላይ ያለውን ጌጥ ሁሉ አጥልቆ የመጣ ሰው ይመስለኛል፦ ትልቅ የኋላ ክንፍ፣ ሦስት የጭስ ማውጫ፣ አየር የማያስገባ የውሸት ቀዳዳ። መኪናው በአነዳዱ የተመሰከረለት ነው፤ አልክድም። ኩባንያውም የነገሩ ልክ ማለፍ የገባው ይመስላል፣ በ2022 የመጣው አዲሱ ረጋ ብሏል። ከዘመኑ ሁሉ መልኳ የሚያረካኝ የቶዮታ ጂአር ያሪስ ናት። የኋላ ዳሌዋ የሰፋው ለጌጥ ሳይሆን ለራሊ ውድድር ተብሎ ጎማዎቿ ተራርቀው ስለተተከሉ ነው፤ ጣሪያዋም ለዚያው ሲባል ዝቅ ብሎ በካርቦን ፋይበር ተሠርቷል። እንዲህ ምክንያት ያለው ቅርጽ አይሰለችም።

የእኔዋስ? መሃል ላይ ናት። ሁለቱ የጭስ ማውጫዎች እውነተኛ ናቸው፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለው ክንፍ ልከኛ ነው፣ ከጎን ስትታይ አጭርና ጡንቸኛ ናት። ከፊት ግን አፏ በዛ። ታችኛው ከንፈሯ ላይ ያለው ካርቦን መሳይ ጥለት ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያስታውቃል። የፊቱ ፍርግርግ ደግሞ የማር እንጀራ ይመስላል፣ ማታ ከሐይቁ ዳር የሚነሳው ትንኝ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይለጠፍና በጥርስ ብሩሽ ነው የማወጣው። ቢጫውን ቀለም ለመውደድ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሁን ሌላ ቀለም ብትሆን አልገዛትም ነበር እላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ከሩቅ ስለሚያዩኝ ቦታ ይለቁልኛል፤ አንዳንዱ «አጩሃት እንጂ!» ይለኛል። ባጮሃትም የሚያስደነግጥ ድምፅ የላትም።

ወደ ሞተሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ቁም ነገሩ እሱ ነው። 1.4 ሊትር ባለ ቱርቦ፣ 140 የፈረስ ጉልበት፣ 230 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ስምንተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ገና ሲወጣ 245 የፈረስ ጉልበት ይዞ ስለመጣ ቁጥሩ ማንንም አያስደንቅም። ነገር ግን ስዊፍቷ አንድ ሺህ ኪሎ አትሞላም፤ 975 ኪሎ ገደማ ናት። ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በእውነተኛው ባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚተነፍስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ እዚህ ይቀርበታል። የቀድሞዋ መኪናዬ አራት ሰው ይዛ ወደ በዛዊት ስትወጣ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ነበር የማግዛት። ቱርቦው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ይቺ ከፍታው ብዙም አይሰማትም። በወረቀት ላይ ተቀራራቢ ጉልበት ያላቸው ሁለት መኪናዎች እዚህ ዳገት ላይ ፈጽሞ አይገናኙም። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሆኖ መኪና የሚመርጥ ሰው ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ቱርቦ አለው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ጉልበት የት ትጠቀምበታለህ ካላችሁኝ፣ ከአንዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እስከ ቀጣዩ። ቀልድ አይደለም። ከጉብታው ስወርድ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ነዳጅ መስጫውን ጫን ስል ከ2,500 ዙር ጀምሮ ያለው ግፊት ወንበሩ ላይ ይለጥፈኛል፣ ወዲያው ደግሞ ፍሬን። ያቺ ሦስት ሰከንድ በቀን ሃያ ጊዜ ትደጋገማለች። 300 ፈረስ ቢሆን ሦስቱ ሰከንድ ወደ ሁለት ይወርዳል እንጂ መንገዱ አይረዝምም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትር ነው፤ እሱም ላይ እግረኛና ብስክሌተኛ ስላለ ለፍጥነት መሞከሪያ አይሆንም።

እውነተኛ ፈተናዋን ያየሁት አባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን ወደ ታች ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን መልሶ የሚወጣው ጠመዝማዛ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተሠራ ይመስላል። ቀላልነቷ ገደሉ ላይ ታወቀኝ፦ ፍሬኑ ሳይግል ወረድኩ፣ ሽቅቡን በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ከከባድ መኪኖቹ ኋላ እየተሽሎከለክሁ ወጣሁ። መሪው ፈጣን ነው፣ ግን ጎማው ስለሚረግጠው መሬት ብዙ አይነግርም። የተጨማደደው አስፋልት ላይ ደግሞ መኪናዋ ትዘላለች፤ አጠገቤ የነበረው ወንድሜ ፍልቅልቅ የምትባለው ቦታ ድረስ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ «በሕይወት አለን?» አለኝ።

ውስጧን ባጭሩ፦ ወንበሮቹ ያቅፋሉ፣ ረጅም መንገድ ወገብ አያሳምሙም። የአየር ማቀዝቀዣው ቁልፎች በእጅ የሚዞሩ ስለሆኑ ሳላይ እነካቸዋለሁ። የጎልፍ ስምንተኛው ትውልድ መሪ ላይ ቁልፉን በመንካት ብቻ የሚሠራ አድርገውት ሰው ስላማረረ በ2024 እድሳት ወደሚጫነው ቁልፍ መልሰውታል። የዕቃ መጫኛው 265 ሊትር ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ከገባ ሌላ ነገር አትመኙ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝታችሁ ከጫናችሁ ደግሞ ዕቃው ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ አምባዛው እስከ ማግሥቱ አብሯችሁ ይሳፈራል።

በነዳጅ አታስቸግርም። እኔ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር አካባቢ አገኛለሁ። ችግሩ ታንከሯ 37 ሊትር ብቻ መያዟ ነው፤ አዲስ አበባ ሳትደርስ ትጠማለች። ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ፕላስቲክ በሚሸጥበት ሰሞን አቁሜያት በእግሬ ሄጃለሁ። ምን እንደተቀላቀለበት የማላውቀውን ቤንዚን እዚህ ሞተር ውስጥ መጨመር አልደፈርኩም። ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቶ ያድራል፣ የትራፊክ መብራት ላይም በሰዓት እስከ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ ይቀድመኛል። መኪናው ግን ከእኔዋ በብዙ መቶ ኪሎ ይከብዳል፤ መታጠፊያ ላይ ስንገናኝ ያስታውቃል።

አንድ ጋራዥ ዘይት ሲቀይርልኝ ለአሮጌ መኪና የሚሆን ወፍራም ዘይት ጨምሮብኝ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ድምጿ ስለተለወጠብኝ ደርሼበት አስገልብጬ ቀጠን ያለውን 5W-30 ዘይት አስጨመርኩ። ትንሽ ቱርቦ ያላት መኪና ያለው ሰው ዘይቱን ይዞ ይሂድ፣ ቆሞም ይይ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የመለዋወጫ ነገር ያሳስበኛል፤ እስካሁን ያጽናናኝ ይኸው ሞተር ሱዙኪ ቪታራ ላይም መግባቱ ነው።

ትልቁ ጸጸቴ ጎማው ነው። 17 ኢንች ቸርኬ ላይ የተጠቀለለው ጎማ ጎኑ ቀጭን ነው፣ ከመሬት ያላት ከፍታም 12 ሴንቲ ሜትር። ነሐሴ ላይ ውሃ የሞላውን ጉድጓድ ኩሬ መስሎኝ ገባሁበት። አንዱ ጎማ አበጠ፣ ቸርኬው ተጣመመ። ጎሚስታው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ጎማውን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፣ መቀነት ነው» አሉኝ። ቸርኬውን ቀጥቅጠው አቀኑት፣ ጎማውን ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ።

አሁን 16 ኢንች ቸርኬ እያፈላለግሁ ነው፤ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ እንዲገባበት። መልኳ ትንሽ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሳማክራቸው ጎሚስታው ሳቁና «መቀነቷን ፈትተህ ጋቢ ልታለብሳት ነዋ!» አሉኝ።