ጣና ላይ ዓሣ ሲያንስ፦ ጫጩት መጨመር ወይስ መረብ ማንሳት?

ዓሣ ሲመናመን ቶሎ የሚነሳው ሐሳብ «የዓሣ ጫጩት እንጨምር» ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለሚባለው ዓሣ ያስኬዳል። ኩሬ ውስጥ በቀላሉ ይራባል። መኪና ላይ ጭኖ መልቀቅ ነው፤ ለፎቶም ያምራል።

ባርበስ የሚባለው የጣና ዓሣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪውም ይህን ያውቃል፤ መረቡን የሚዘረጋው እዚያው ወንዙ መግቢያ ላይ ነው። እናቶቹ እንቁላል ሳይጥሉ ይያዛሉ። ታዲያ ከ15ቱ የቱን አርብተን እንጨምር?

እኔ በመራቢያው ወቅት የወንዞቹን መግቢያ ከመረብ ነጻ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ፣ ያኔ አስጋሪው ምን ይበላል? ጫጩት መልቀቅ ይህን ጥያቄ አያስነሳም፤ የሚወደደውም ለዚህ ይመስለኛል።