ሐይቅ ወይስ አርዲቦ? ከደሴ ለአንድ ቀን ከቤተሰብ ጋር

ከደሴ ልጆች ይዞ ወጣ ማለት ለፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለ፤ ሐይቅ ብቻ እያልን የምንጠራው ሎጎ ሐይቅና ሌላው ሐይቅ አርዲቦ። ሁለቱንም ሄጄባቸዋለሁ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

በመንገድ ሐይቅ ያሸንፋል። በወልዲያው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ደግሞ ባጃጅ፣ አለቀ። አርዲቦ ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ መኪና ከሌላችሁ ከሕፃናት ጋር ይከብዳል።

ምግብም ሐይቅ ዳር አለ። ትንሿ ልጄ የተጠበሰ ቆሮሶ ጅራቱን ይዛ፣ ሚጥሚጣውን በጣቷ እያራገፈች፣ አጥንቱ እስኪነጣ ስትበላ ዓይኔ ላይ አለ። ቤት ዓሣ አትነካም እኮ! አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ሴቶች ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፣ ስለዚህ ለሴት ልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ደጁ ላይ ደርሰው ቢሰሙት ቅር ይላቸዋል።

አርዲቦ ሌላ ነው። ጸጥታው! ውሃው በወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል፣ እና ልጆች ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ይሄ ታላቁ ነው?" ማለታቸው አይቀርም። ዳቦ፣ ፔርሙዝና ጋቢ ከቤት ያዙ፤ ከሰዓት ነፋሱ ይበርዳል።

ከሕፃናት ጋር ከሆናችሁ ሐይቅ ሂዱ፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ ስላለ እጃቸውን አትልቀቁ። የእኔዎቹ አሁን አደግ ብለዋል፣ መኪናም ካገኘን ለፋሲካ አርዲቦ ነን።