«አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል» ለሚባል ኮምፒውተር ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ስላይትሊ ዩዝድ ዴስክቶፕ ልትገዙ ስትሉ ሻጩ «ፎርማት አድርገነዋል፣ ምንም ችግር የለበትም» ካለ እዚያ ላይ ቆም በሉ። ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣ፣ ድርቅ ብሎ የሚቀር ወይም በራሱ ጊዜ ሪስታርት የሚያደርግ ኮምፒውተር ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው)፣ ዲስኩ ወይም ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተበላሽቶ ከሆነ ፎርማት አያድነውም። ፎርማቱ የሚያጠፋው ማስረጃውን ነው። ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ውስጥ የተመዘገበው የብልሽት ታሪክ ከድሮው ዊንዶውስ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውሱ የተጫነበትን ቀን እዩ። ትናንት ከሆነ ዕቃውን ራሱን ከመፈተሽ ሌላ አማራጭ የላችሁም።

ከዲስኩ ጀምሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዲስክ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ በፎርማት አይጠፋም። ይህን መዝገብ የሚያነበውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳይጫን የሚሠራ ፖርተብል አለው። 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6) የተባሉት፣ የተበላሹ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መስመሮች ላይ ያለው ጥሬ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ዲስኩን አትቀበሉ። ፕሮግራሙ ጥሬውን ቁጥር ሲከፈት የሚያሳየው በሄክስ ስለሆነ ፊደል የተቀላቀለበት ቢሆን አትደናገጡ፤ ከሜኑው ወደ ተለመደው አቆጣጠር መቀየር ይቻላል። ሲ7 ብቻውን ከፍ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው፣ እሱ በርካሽ ይቀየራል። የሠራበትን ሰዓትም አንብቡ፦ 26,280 ሰዓት ማለት ሳይጠፋ ሦስት ዓመት ሙሉ መሥራት ነው። «ብዙም አልተነካም» ከሚል ሻጭ ጋር ስትከራከሩ ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በራም ነው። የተበላሸ ራም ያለው ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ዩቲዩብ ከፍቶ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ የተበላሸችው ቦታ ላይ ዳታ እስኪያርፍ ድረስ ምንም አይታይም። ኮምፒውተሩን ሜምቴስት86 (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) ካለበት ፍላሽ አስነሱና ፍተሻውን አሠሩት። ነጻው ቅጂ አራት ዙር ይሠራል፣ እንደ ራሙ መጠን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም፣ አንዲት ቀይ መስመር ከወጣች በቂ ነው። ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥታችሁ በአንድ ቀዳዳ ላይ እያፈራረቃችሁ ሞክሩ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። የትኛውም ራም ቢገባ እዚያው ቀዳዳ ላይ ከቀረ ጥፋቱ ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ዋጋ ለመቀነስ አትደራደሩ፣ ትታችሁት ውጡ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ጠርጎ መልሶ መሰካት ግን አንዳንዴ ብቻውን ነገሩን ይፈታዋል፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ። መልቲሜትር ካላችሁ ከትርፍ ገመዱ ጥቁርና ቢጫው መካከል ለኩ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ጥቁርና ቀዩ መካከል ከ4.75 እስከ 5.25። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ትክክል የነበረው ቁጥር ከባድ ፕሮግራም ሲከፈት ከዚህ ክልል በታች ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። የቢሮ ዴል እና ኤችፒ ዴስክቶፕ የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ ሞዴሎች የራሳቸው ዓይነት ሶኬት ስላላቸው ከመደብር የተገኘ ማንኛውም ፓወር ሰፕላይ አይገባባቸውም። መቀየሪያው ካልተገኘ ርካሽ የመሰላችሁ ዕቃ ይወደድባችኋል።

ሙቀት ቀላሉ ነው። ኮምፒውተሩ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ድርግም ብሎ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚነሳ ከሆነ አቧራ የሞላው ፋን ወይም የደረቀ ፔስት (ሲፒዩውና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ይሆናል። ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሲሠራ ሲፒዩው ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ከሆነ አረጋግጡ። ይህ በጽዳት ይስተካከላል፣ የዋጋ መደራደሪያ አድርጉት።

ጥገና ቤት ለምትሄዱም አንድ ነገር። ኢቨንት ቪውወር ላይ «ከርነል-ፓወር 41» አይቶ ወዲያው «ፓወር ሰፕላይ ቀይር» የሚል ባለሙያ አትመኑ። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድም ይመዘገባል። ከጎኑ «ዌያ-ሎገር» (WHEA-Logger) የሚል ካለ ነው ሃርድዌር ራሱ ስህተት እንዳለበት የተናገረው። ለፎርማት ከፍላችሁ ያው ብልሽት ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ ፎርማት አትክፈሉ። «የትኛውን ዕቃ፣ በምን ፈተሽከው?» በሉና ውጤቱን በስክሪን ያሳያችሁ።

ሻጩ ለአንድ ሰዓት ፍተሻ ካልፈቀደ፣ ደረሰኙ ላይ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር፣ የራሙን መጠንና የመመለሻ ቀኑን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ይህንንም እምቢ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።