ዘጠኝ ወር በጠጠር ብስክሌት፦ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ

ይህን ለጠጠር መንገድ የተሠራ ብስክሌት የገዛሁት ባለፈው መጋቢት ሲሆን ዛሬ ቆጣሪው 2,640 ኪሎ ሜትር ያሳያል። አስፋልት ላይ የነዳሁት ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም፤ የቀረውን የሄድኩት ከዋሽንግተን ዲሲ ጆርጅታውን ሰፈር ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ በጫካ ውስጥ በሚያልፈው፣ መኪና በማይገባበት የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ላይ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በመሆኑ ቅዳሜ ማለዳ ከቤት ወጥቼ መንገዱን ለመያዝ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ብስክሌቱ አልሙኒየም ነው፤ የፊት ሹካው ካርቦን፣ ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ዲስክ፣ ማርሹ ከፊት አንድ ከኋላ አሥራ አንድ ነው። ከነታክሱ ወደ 1,700 ዶላር ከፍዬበታለሁ። አምራቹን አልጠቅስም፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት በአብዛኛው ተመሳሳይ ዕቃ ስለሚገጠምላቸው የምጽፈው ለሌሎቹም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ብስክሌቱ ከመናገሬ በፊት መንገዱን መግለጽ ግድ ይላል። ቦዩ መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828 ሲሆን ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። በቅሎዎች ከዳር ሆነው ጀልባ በገመድ ይጎትቱበት ነበር፤ የ1924 ጎርፍ ሥራውን ካቆመው በኋላ ቆይቶ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳው በበቅሎዎቹ መንገድ ላይ ነው። ርዝመቱ 184.5 ማይል ወይም 297 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሎክ የሚባሉት 74 ጀልባ ማንሻ በሮች ተደምረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ 184 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከብስክሌቱ የሚፈለገውም ከዚህ ይነሣል።

ዋናው ነገር ጎማ ነው። ከፋብሪካ የመጣው 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሃሉ ልስልስ፣ ጥርሱ በጎንና ጎኑ ብቻ የሆነ ጎማ ነበር። ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ባሉት 14 ማይሎች፣ በተለይ ደቃቅ ጠጠሩ በደንብ በተጠቀጠቀበት በኩል፣ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ወደ ላይ ሲወጣ ግን መንገዱ በመሃሉ ሣር የበቀለበት ሁለት የጎማ ዱካ ይሆናል፤ ሲዘንብም የወንዙ ደለል ወደ ለሰለሰ ጭቃ ይለወጣል። ግንቦት ላይ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ከዘነበ በኋላ፣ የፊት ጎማዬ መንገዱን አቋርጦ የወጣ እርጥብ የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራቶ በጎኔ ወደቅሁ። ክርኔ ከመላጡ ሌላ ጉዳት አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ባለ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ አስገጠምኩ። ክብደቴ 78 ኪሎ ሲሆን አሁን ከፊት 28፣ ከኋላ 31 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ብቻ እነፋለሁ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል፣ በኮረኮንች ላይ ግን የማያነጥር ሆነልኝ። ሌላ ምንም ሳይለወጥ ብስክሌቱ አዲስ የሆነ ያህል ተሰማኝ።

ለውጡ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። በሰፊው ጎማና በፓራፋንጎው መካከል የቀረው ክፍተት ከትንሽ ጣቴ ስለማይሰፋ፣ በመከር ጊዜ ጭቃና የረገፈ ቅጠል ተጋግሮ ጎማውን ቀስ በቀስ ያንቀዋል። አንድ ቀን ሞኖካሲ ወንዝ ላይ በተሠራው ባለሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ሩብ ሰዓት ሙሉ በእንጨት ስፍቅ ነበር። ዛሬ ብገዛ፣ ፓራፋንጎ ተገጥሞለትም 50 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ብስክሌት ካልሆነ አልነካውም።

ማርሹን በተመለከተ፣ በሱቅ የሚወደሰው ሰፊ የማርሽ ስብስብ እዚህ መንገድ ላይ ጥቅሙ አልታየኝም። የፓርኩ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 15 ማይል ስለሆነ ትልቁ ማርሽ ሥራ የለውም፣ ዳገት ስለሌለም ትንሹ አያስፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ የምመላለሰው በሦስቱ መካከል ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው የጥርስ ልዩነት ሰፊ በመሆኑ ደግሞ አንዱ ሲከብደኝ ሌላው ይቀለኛል። ብዙ ሰው ሜዳ መንገድ ቀላል ይመስለዋል። ቁልቁለት በሌለበት ግን እግር አያርፍም፣ ከመቀመጫም መነሣት የለም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ መዳፌ ይደነዝዝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። መሪውን በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ወፍራም ጥቅልል ባስለብሰው ተሻለኝ። ከከምበርላንድ ወደ ፒትስበርግ በሚቀጥለው የግሬት አለጌኒ መንገድ ላይ፣ ባቡር ይወጣው የነበረውን ረጅም ለዘብተኛ ዳገት ስወጣ ግን ለማርሹ የሰጠሁትን ፍርድ ትንሽ አላላሁት።

ፍሬኑ ይይዛል፣ ነገር ግን ይበላል። ደለሉ እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ የኋላውን ሸራ 1,100 ኪሎ ሜትር ላይ ጨርሶታል። ሽቦውን በየሁለት ሳምንቱ በእጄ ማጥበቅ ግዴታ ሆኗል፤ ባሕር ዳር ብስክሌት በሰዓት እየተከራየ ያደገ ሰው ይህን ለማድረግ ባለሙያ አይጠራም።

በነሐሴ የገጠመኝን ልናገር። ሰፊውን ጎማ የገጠመልኝ ሱቅ ከመነዳሪውን አውጥቶ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ጨምሮ ዓመት ያቆያል ብሎኝ ነበር። ሃርፐርስ ፌሪን አልፌ አንድ እሾህ፣ ግራርን ከሚመስል ከዚያው አገር ዛፍ የወደቀ፣ የኋላውን ጎማ ወጋው። ጎማው ተነፈሰ፤ ፈሳሹም ብቅ አላለም። ስፈታው ውስጡ እንደ ወተት ስልባቦት ደርቆ ተለጥፎ አገኘሁት። በበጋ ሙቀት ሦስት ወር መቆየቱም ደግ ነው። ከመነዳሪ በቦርሳዬ ባልይዝ ኖሮ ያን ቀን በእግሬ ነበር የምመለሰው። አሁን በየአሥር ሳምንቱ ራሴ እጨምራለሁ።

ሦስት የውሃ መያዣ ቦታ ያለው መሆኑን ስገዛ እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሬው ነበር። በየድንኳን ማረፊያው ያሉት የውሃ የእጅ ፓምፖች እጀታ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ እንደሚነቀል ሳውቅ ግን አመሰገንኩት። ቆሎ የሚይዘው የመሪ ቦርሳም ከብስክሌቱ ጋር የመጣ ነው፤ ዚፑ ግን በአምስተኛው ወር ተበጠሰ።

በጥቅምት መጨረሻ ፖፖ ዋሻ ደረስኩ። 950 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ በጡብ የተገነባ ዋሻ ነው፤ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ያስፈልጋል። በመብራቴ የእንጨት መደገፊያውን ስመለከት የጀልባ ገመድ የቦረቦረው ጎድጎዳ ጣት ያስገባል። ጨለማው ውስጥ የምሰማው የጣሪያ ጠብታና የኋላ ጎማዬን ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነበር። ከቀጭታው ሥር አንድ ሌላ ድምፅ፣ ጨው በድንጋይ ሲፈጭ የመሰለ፣ ግድግዳው እያስተጋባ መለሰልኝ። ውጭ፣ በጠጠሩ ጫጫታ መሃል፣ ለስንት ሳምንት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ቤት ገብቼ ጎማውን ነቅዬ ዘንጉን በጣቴ ሳዞረው ኩሽኔታው ይቆረቁራል፤ ውሃ ገብቶበት ግሪሱ ቡናማ ሆኗል። ዋስትናው ይህን ዓይነት ዕቃ አይሸፍንም ተባልኩና 38 ዶላር ከፍዬ አስቀየርኩት። የፊቱንም፣ ሳይጮህ፣ በሚያዝያ ፓምፖቹ ሳይመለሱ ላስቀይረው ወስኛለሁ።