«ተነስቷል ብሮ» ብሎ ባዶ ሰርቨር አስረከበኝ

በብር የሚሸጠውን የክላውድ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) ነጋዴ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው። ሎጎው ላይ ደመና ተስሏል። «99.9 ፐርሰንት አፕታይም፣ በየቀኑ ባክአፕ፣ የ24 ሰዓት ሰፖርት» ይላል። እናንተ በቴሌብር ትልካላችሁ። እሱ ውጭ ባለ ዘመዱ ካርድ ከአንድ የአውሮፓ ኩባንያ ማሽን ይከራይና አይፒውን (የማሽኑን አድራሻ) እና ፓስወርዱን ይልክላችኋል። ማሽኑን የሚያዙበት ገጽ፣ ዳሽቦርዱ ግን እሱ ጋ ይቀራል።

ለምን እሱ ጋ እንደምንሄድም ታውቃላችሁ። ውጭ አገር የሚሠራ የዶላር ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየጊዜው ዋጋ ሲጨምር «ምን ላድርግ፣ ዶላሩን እያየኸው» ይለኛል። እውነቱን ነው ብዬ ከፈልኩ። ለዕለታዊ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ብቻ በየወሩ 600 ብር ለየብቻ እጨምርለት ነበር። ይቺን 600 ብር ያዙልኝ።

ሰርቨሩ ላይ የነበረው የአክስቴ ልጅ የመርካቶ መለዋወጫ ሱቅ ሲስተም ነው። ስቶኩ፣ ሽያጩ፣ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ሲስተሙ እምቢ አለ።

ፒንግ አደረግኩ፣ ማለትም ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም። ፒንግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሆን ብለው የሚዘጉት ብዙ ናቸው። የኔው ግን እስከ ትናንት ይመልስ ነበር። ሰርቨሩን ከሩቅ ለማዘዝ በምንገባበት በኤስኤስኤች፣ በፖርት (በበር) 22 ሞከርኩ። ብዙ አስጠብቆ «ታይም አውት» አለ። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ቢል ኖሮ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ የወደቀው ፕሮግራሙ ነው ማለት ነው። ታይም አውት ከሆነ ወይ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለው ዘበኛ) ጥያቄውን እየዋጠው ነው፣ ወይ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ወይ መንገዱ ተቆርጧል። ድረ ገጽ የሚከፈትባቸው ፖርቶች 80ም 443ም ያው። ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቀየርኩ፣ ያው። ዱባይ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት፣ እሱም ጋ አይከፍትም።

ይሄን ሁሉ በስክሪንሾት ለልጁ ላክሁ።

«የኛ አገር ኔት ነው ብሮ። ራውተርህን ሪስታርት አርገው።»

ዱባይ ያለው ሰው የኔን ራውተር አይጠቀምም አልኩት።

«እንግዲያ ፋየርዎል ነካክተህ ራስህን ውጭ ዘግተህ ይሆናል።»

ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰው ፋየርዎል ያበራና 22ን መፍቀድ ይረሳል፣ ውጭ ይቀራል። ኮንሶል የሚባለው ነገር የተሠራው ለዚህ ነው። በሰርቨሩ ኔትወርክ በኩል ሳይሆን በኩባንያው ዳሽቦርድ በኩል የማሽኑን ስክሪን በቀጥታ ያሳያል። ፋየርዎሉ ቢዘጋም ይከፈታል። «ኮንሶሉን ክፈትና ያየኸውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ኮንሶል ለደንበኛ አይሰጥም» አለኝ። ስጠኝ መች አልኩ? ፎቶ ነው የጠየቅኩት። አሁን ሳስበው ፎቶ የሚያነሳው ነገር አልነበረውም።

ደወልኩ። «ቴክኒክ ክፍል ነኝ» ያለ ሌላ ልጅ አነሳ። ገና ታይም አውት የሚለውን ሳልጨርስ አቋረጠኝና «ወንድም፣ ሰርቨር ማስተዳደር የማትችል ከሆነ ሼርድ ሆስቲንግ ግዛ፣ እሱ ይቀልሃል» አለኝ። ከኋላው ሰው ይስቃል። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረጉትም። ከዚያ «ሪከቨሪ 4,000 ብር ነው፣ ከከፈልክ ዛሬውኑ ይነሳል» አለ። የወር ኪራዩ እንኳ እዚያ አይደርስም። የአክስቴ ልጅ በሌላው ስልክ ትጮሃለች፣ ዱቤ የወሰዱት ደንበኞቿ መጥተው ቆመዋል። ላክሁለት።

ማታ ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። «ተነስቷል ብሮ፣ ሞክረው።»

ፒንግ መለሰ። እሰይ ብዬ በኤስኤስኤች ልገባ ስል ስክሪኑ ላይ ያ በትልልቅ ፊደል የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ መጣ፦ የሰርቨሩ መለያ ቁልፍ ተቀይሯል ይላል። የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ። ሰርቨር ሲጫን የራሱን መለያ ቁልፍ ይፈጥራል። ሪስታርት ቢደረግ አይቀየርም። ጠፍቶ ቢነሳም አይቀየርም። ማንም ሆን ብሎ ካልቀየረው በቀር፣ ሲስተሙ እንደ አዲስ ከተጫነ ወይ በዚያ አይፒ ሌላ ማሽን ከተቀመጠ ነው የሚለወጠው። የምታውቁት ስልክ ቁጥር ላይ ደውላችሁ የማታውቁት ሰው «ሄሎ» ሲላችሁ ማለት ነው።

እጄ ላብ አላበው። የድሮውን መለያ አጥፍቼ ቀጠልኩ። በፓስወርድ ፋንታ የምገባበትን የኔን የመግቢያ ቁልፍ አልቀበልም አለ። «ፓስወርድ ለሴኩሪቲ ብለን ቀይረናል» ብሎ አዲስ ላከልኝ። ገባሁ። የሲስተሙ ፎልደር የለም። ዳታቤዙ ጭራሽ አልተጫነም። የኔ ዩዘር የለም። የመለያ ቁልፎቹን ፋይል ቀን አየሁ፤ የዛሬ ነው፣ የተፈጠሩት «ተነስቷል» ከማለቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። 4,000 ብር ተቀብሎ ያነሳው ነገር የለም። ባዶ ማሽን ነው በድሮው አይፒ ያስረከበኝ።

«ዳታዬስ?» አልኩት።

አነበበው። ዝም አለ። እየጻፈ ነው ይላል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይጽፋል።

«ዳታ የደንበኛ ኃላፊነት ነው ብሮ።»

«ባክአፑስ? በየወሩ የከፈልኩበት?»

«ባክአፑ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነበር የሚቀመጠው።»

እዚያው ሰርቨሩ ላይ! ይሄን የጻፈው ሳያፍር ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ለሚጠፋ ቅጂ 600 ብር በየወሩ ሲበላ ኖሯል። ቻናሉ ላይ ሄጄ ማስታወቂያውን ብፈልገው «በየቀኑ ባክአፕ» የምትለዋ መስመር የለችም። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» ይላል። ኮሜንት ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች «የኛም ከሐሙስ ጀምሮ አይከፍትም» ብለው ነበር። ከአፍታ በኋላ ኮሜንቱ ተዘጋ። እኔም ብሎክ ተደረግኩ።

ካርዱ ላይ ዶላር አልቆበት ኩባንያው አካውንቱን ዘግቶ፣ ማሽኖቻችንን አጥፍቶበት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የብዙ ሰው ሰርቨር አንድ ቀን ላይ ሲሞት ሌላ ምን ይባላል? አይፒው የማን እንደሆነ ፈልጌ ለጀርመኑ ኩባንያ ኢሜይል ጻፍኩ። በትህትና መለሱልኝ፦ ከአካውንቱ ባለቤት ውጭ ለማንም መረጃ አንሰጥም። ባለቤቱ ደግሞ ልጁ ነው። እነሱ ዘንድ እኔ የለሁም።

ምክር ለምትሉ፦ የግድ በብር የምትገዙ ከሆነ አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፣ እሱ ክፍያውን ብቻ ይፈጽም። ሰርቨር ሲጠፋባችሁ የኮንሶሉን ፎቶ ካልላከ «ሪከቨሪ» የሚባል ብር አትላኩ። የመለያ ቁልፉን አሁን፣ ሰርቨሩ ደህና እያለ፣ ጻፉና አስቀምጡት፤ ኋላ ማሽኑ ቢቀየርባችሁ ታውቃላችሁ።

ቻናሉ ስሙን ሊቀይር ይችላል፣ ስለዚህ በስም አትፈልጉት። ባክአፑ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁትና «እዚያው» ካላችሁ ዛሬ ማታ ዳታችሁን ወደ ራሳችሁ ላፕቶፕ አውርዱ።